የሰው ኮምፒውተር፣ የራስ ፍላሽ

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሦስተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሳለን፣ አምስት ሆነን የአሥራ አምስት ደቂቃ የሬዲዮ ፕሮግራም ሠርተን እንድናስረክብ ታዘዝን። ቃለ ምልልሱን በስልካችን ቀድተናል፤ ስክሪፕቱም አልቋል፤ የቀረን ኤዲቲንግ ብቻ ነው። ከአምስታችን ላፕቶፕ ያለው ሰው አልነበረም። የግቢው ላብ ውስጥ ግን ሠላሳ ምናምን ኮምፒውተር ተደርድሯል፤ አንዱም ላይ ታዲያ ድምፅ የሚቆርጥና የሚቀጥል ሶፍትዌር የለም። ኦዳሲቲን አውርደን ኢንስታል ልናደርግ ስንል ዊንዶውሱ የአድሚን ፓስወርድ አምጡ አለን። ፓስወርዱን የሚያውቀው ሰውዬ ስብሰባ ገብቷል ተባልን። (በዚያ ግቢ ስብሰባ ያልገባ ሰው ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ የምርመራ ጋዜጠኝነት ነበር።)

በነጋታው የአንዳችን የዶርም ጓደኛ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ከቁልፉ ጋር ያንጠለጠላትን ፍላሽ አውጥቶ ሰካ። አንድ ፎልደር ከፈተ፣ የኦዳሲቲን ምልክት ሁለቴ ክሊክ አደረገ፤ ፕሮግራሙ ተከፈተ። ፓስወርድ የለ፣ ኢንስታል የለ። ያኔ ኦዳሲቲ ሥራውን ኤምፒስሪ አድርጎ ለማውጣት ሌም የተባለ ተጨማሪ ፋይል ለብቻው ይፈልግ ነበር፤ እሱንም እዚያው ፎልደር ውስጥ አስቀምጦታል። “ፖርተብል ነዋ!” አለን፣ ይህንንም አታውቁም በሚል ፊት። ፎልደሩን ወደ ራሳችን ፍላሽ ገለበጥንና ሥራችንን ጀመርን። መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር ከየት መጣ እያልን ስንቆፍር ከረምን። ያገኘነው ከጠበቅነው በላይ ረጅም ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ለነገሩ የመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒውተሮች ከፖርተብል በቀር ሌላ አያውቁም ነበር። አይቢኤም በኦገስት 1981 ያወጣው ፒሲ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። ማሽኑን የሚያስነሣው ዶስም ሆነ ደብዳቤ የሚጻፍበት ወርድስታር የሚመጡት በፍሎፒ ነው። ፍሎፒውን ትሰካላችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ ነቅላችሁ ወደ ሌላ ማሽን ትሄዳላችሁ። በ1983 ሃርድ ዲስክ ያለው ኤክስቲ ከመጣ በኋላ እንኳ ለብዙ ፕሮግራም ኢንስታል ማድረግ ማለት ፋይሎቹን ወደ አንድ ፎልደር መገልበጥ ማለት ነበር። ፎልደሩን ስትሰርዙት ፕሮግራሙ ጠፋ፤ ስትገለብጡት ሁለት ሆነ።

ይህች “ሁለት ሆነ” የምትባል ነገር ነጋዴውን እንቅልፍ ነሣችው። በዚያው በ1983 ገበያ የወጣው ሎተስ 1-2-3፣ የሂሳብ ባለሙያው ሁሉ የተሻማበት ፕሮግራም፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢገለበጥም ሲነሣ ዋናውን ፍሎፒ ድራይቩ ውስጥ ካላየ አልሠራም ይል ነበር። ፕሮግራምና ባለቤቱን ለማጋባት የተደረገ ቀደምት ሙከራ መሆኑ ነው።

ዋናውን ጋብቻ የፈጸመው ግን ዊንዶውስ ነው። በ1992 ከዊንዶውስ 3.1 ጋር ሬጅስትሪ የሚባል ትንሽ መዝገብ መጣ። በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲወጣ ያች ትንሽ መዝገብ የሁሉ ነገር ማዕከል ሆነች። ቀድሞ እያንዳንዱ ፕሮግራም ምርጫውንና አድራሻውን በየራሱ ትንሽ ፋይል ይጽፍ ነበር፤ አሁን ሁሉም እዚህ አንድ መዝገብ ላይ ይጻፍ ተባለ። ይህን በቀበሌ ቋንቋ ብናስረዳው ይቀላል። ኢንስታል ማድረግ ማለት ፕሮግራሙን ቀበሌ ማስመዝገብ ነው። ፎልደሩን ብድግ አድርጋችሁ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ብትወስዱት፣ መሸኛ ሳይዝ ወደ ሌላ ቀበሌ እንደሄደ ሰው ነው፤ ማን ነህ ይባላል፣ መልስ የለውም። በላዩ ላይ በ2001 የመጣው ኤክስፒ አድሚንና ተራ ተጠቃሚ የሚለውን ክፍፍል ቤት ድረስ አስገባው። ከዚያ በኋላ ለማስመዝገብ የሹሙ ፈቃድ ያስፈልግ ጀመር።

በግላችሁ ኮምፒውተር ላይ እናንተው ሹም ናችሁ፤ ችግር የለም። መከራው የሚጀምረው ኮምፒውተሩ የሰው ሲሆን ነው። የላብ፣ የመሥሪያ ቤት፣ የላይብረሪ፣ የኢንተርኔት ካፌ። እንግዲህ አብዛኞቻችን ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቅነው በሰው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ፍላሹስ? የፍላሽ ሜሞሪ አባት በቶሺባ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው፤ ፈጠራቸውን በ1984 ለዓለም አሳዩ። ስሙን ያወጣላቸው አንድ የሥራ ባልደረባቸው ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መረጃ የሚሰረዝበት ፍጥነት የካሜራ ፍላሽ አስታወሰኝ ብሎ። (ማሱኦካ በኋላ ካሳ አነሰኝ ብለው ቀጣሪያቸውን ከሰሱ፤ በ2006 በ87 ሚሊዮን የን ታረቁ።) ሜሞሪውን ከዩኤስቢ ጋር አጋብቶ ኪስ ውስጥ የሚገባ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። የእስራኤሉ ኤም ሲስተምስ በኤፕሪል 1999 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። የሲንጋፖሩ ትሬክ በ2000 ተምድራይቭ ብሎ ዕቃውን አወጣ፤ በ2005 በአገሩ ፍርድ ቤት ኤም ሲስተምስን ረታ። የቻይናው ኔታክም የእኔ ነው ይላል። ከሁሉ የኤም ሲስተምሱ ዶቭ ሞራን ታሪክ ደስ ይለናል። ኒውዮርክ ብዙ ሰው ፊት ንግግር ሊያደርግ ሲቀርብ ላፕቶፑ እምቢ አለው፤ ገለጻውም እዚያው ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ፋይሌን ኪሴ ውስጥ ሳልይዝ አልሄድም ብዬ ማልኩ እያለ ይተርካል። በ2000 መጨረሻ አይቢኤም የሸጠለት ፍላሽ 8 ሜጋባይት ይይዝ ነበር፤ ከአምስት ፍሎፒ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ልብ በሉ፣ የሞራን ሕልም ፋይል መያዝ ነው። ፕሮግራም መያዝ ገና ማንም አላሰበም፤ 8 ሜጋባይት ውስጥ ምን ይገባል?

ፕሮግራሙን ያሳፈረው ጆን ሃለር የተባለ አሜሪካዊ ነው። በማርች 2004 ፋየርፎክስን ከፍላሽ ላይ እንዲሠራ አድርጎ ለሕዝብ ለቀቀው። ፋየርፎክስ ራሱ ያን ጊዜ ስሙን ካገኘ አንድ ወር ቢሆነው ነው፤ ከዚያ በፊት ፊኒክስ፣ ቀጥሎ ፋየርበርድ ይባል ነበር። ሃለር ወዲያው ኢሜይል ማንበቢያውን ተንደርበርድንና ኦፕን ኦፊስን ጨመረ፤ ሥራው የግል ገጹን ሞልቶ ሲፈስ ፖርተብል አፕስ የሚባለውን ድረ ገጽ ከፈተ። ይህን ማድረግ የቻለው ፕሮግራሞቹ ሶርስ ኮዳቸው ክፍት ስለነበረና ፈቃዳቸው ቀይሮ ማከፋፈልን ስለሚፈቅድ ነው። በየፍላሹ ሲዞር ያየነው “ፖርተብል ፎቶሾፕ” ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ከማን እጅ እንደወጣና ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ሃለር ያደረገው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው፤ ስናጠናው ግን ወደድነው። አስቸጋሪው ነገር ፕሮግራሙን ፍላሽ ላይ መገልበጡ አይደለም። ፍላሻችሁ ዛሬ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ኢ የሚባል ድራይቭ ይሆናል፣ ነገ እዚያ ኤፍ ይሆናል። ትላንት የፋይሎቹን አድራሻ ኢ ብሎ የጻፈው ፋየርፎክስ ነገ ኤፍ ላይ ሲነሣ የራሱን ዕቃ ያጣዋል። ስለዚህ ሃለር ከፊቱ ላውንቸር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አቆመ። እናንተ ክሊክ የምታደርጉት ፋየርፎክስን ሳይሆን ላውንቸሩን ነው። እሱ በመጀመሪያ የት እንዳለ ያጣራል፤ የድሮውን አድራሻ በአዲሱ ይቀይራል፤ ከዚያ ዋናውን ፕሮግራም ቀስቅሶ ቡክማርክህም፣ ምርጫህም፣ ታሪክህም ያለው ፍላሹ ላይ ነው፣ ወደ ኮምፒውተሩ አትይ ይለዋል። ፍላሽ ብዙ ሲጻፍበት ስለሚያረጅና ዘገምተኛም ስለሆነ ብራውዘሩ ዲስክ ላይ የሚያጠራቅመውን ጊዜያዊ ፋይል ዘጋበት።

ያለ ሬጅስትሪ የማይሠሩ ፕሮግራሞችስ? እዚህ ጋ ነው ጨዋነቱ። ላውንቸሩ በኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ ያንኑ ፕሮግራም የሚመለከት ጽሑፍ ካለ አንሥቶ ጎን ያስቀምጠዋል፤ የእናንተን ከፍላሹ አውጥቶ በቦታው ይጽፋል፤ ሥራችሁን ጨርሳችሁ ስትዘጉ የእናንተን ወደ ፍላሽ መልሶ የባለቤቱን እንደነበረ ይተካል። አልጋ ተለቆለት ያደረ እንግዳ ጠዋት አንሶላውን አጣጥፎ እንደሚሄደው ማለት ነው። ፎልደሩን ከፍታችሁ ብታዩትም ሥርዓት አለው፤ አፕ በሚባለው ውስጥ ፕሮግራሙ፣ ዳታ በሚባለው ውስጥ እናንተ። ፕሮግራሙን በአዲስ ስትተኩ የእናንተ ነገር አይነካም።

ያለ ምንም ዱካ ግን አይደለም። ብዙ ሰው “ፖርተብል ስለሆነ ምንም አይታወቅም” ይላል፤ ስሕተት ነው። ዊንዶውስ የተሰካበትን የእያንዳንዱን ፍላሽ ማንነት ያው ሬጅስትሪው ላይ ይጽፋል። እንግዳው ምንም ጨዋ ቢሆን በረኛው ስሙን መዝግቦታል። የምትጫኑትን ፊደል የሚለቅም ሰላይ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ደግሞ ብራውዘሩ ከፍላሽ ተነሣ ከጨረቃ፣ ፓስወርዳችሁ ተወስዷል።

ሃለር በነፃ የሰጠውን ነገር ኩባንያዎች ሊሸጡት ሞከሩ። በ2005 ሳንዲስክና ኤም ሲስተምስ ተጣምረው ዩስሪ የሚባል ነገር አመጡ። ፍላሹ ሲሰካ ራሱን ለሁለት ይከፍልና ግማሹ ለኮምፒውተሩ “እኔ ሲዲ ነኝ” ብሎ ይዋሻል፤ ዊንዶውስ ሲዲ ሲገባ በራሱ ስለሚያስነሣው የፕሮግራሞቹ ሜኑ ብቅ ይላል። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ግን ፕሮግራሙ ለዩስሪ ተብሎ መዘጋጀት አለበት፣ ፍላሹም የዩስሪ መሆን አለበት፣ የሚሠራውም ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። በ2006 ሳንዲስክ ኤም ሲስተምስን ጠቅልሎ ገዛው፤ በዚያው ዓመት የዩስሪን “ሲዲ ነኝ” ውሸት ተጠቅመው ፓስወርድ የሚለቅሙ ፍላሾችን የሚሠሩ ሰዎች ተነሡ። ከ2009 ጀምሮ ዩስሪ ቀስ እያለ ከገበያ ወጣ። አላዘንንለትም።

ዩስሪን ያስነሣው አውቶራን የተባለ አሠራር ግን ዓለሙን ሁሉ አተራመሰ። በኖቬምበር 2008 ኮንፊከር የሚባል ዎርም ታየ፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የመጣው ሁለተኛው ዓይነት በፍላሽ መተላለፍ ጀመረ። ተንኮሉን ስናነብ ተገርመናል። ፍላሹን ስትሰኩ ዊንዶውስ ምን ላድርግልህ የሚል ሳጥን ያወጣል አይደል? ኮንፊከር እዚያ ሳጥን ላይ የፎልደር ምልክት ያለበት “ፋይሎቹን ለማየት ክፈት” የሚል የውሸት መስመር ይጨምራል። እውነተኛው መስመር ከሥሩ አለ፤ ሰው ግን የመጀመሪያውን ይጫናል። በዚያው ኖቬምበር የአሜሪካ ጦር ፍላሽ መጠቀም ከለከለ። ምክንያቱ በ2010 ይፋ ሲደረግ፣ መካከለኛው ምሥራቅ በሚገኝ የጦር ሰፈር አንድ ላፕቶፕ ላይ የተሰካ አንድ ፍላሽ ሆኖ ተገኘ። ማይክሮሶፍት በ2009 በዊንዶውስ 7 ፍላሽ በራሱ እንዳይነሣ አደረገ፤ ለአሮጌዎቹ ኤክስፒና ቪስታ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2011 እርማቱን ላከ።

ቫይረሱ ግን ዘዴ አያጣም። አሁን ወደ ላባችን እንመለስ። ኤዲቲንጉን በሦስት ቀን ጨረስን፤ ልናስረክብ አንድ ቀን ሲቀረን ፍላሻችንን ሰክተን ብንከፍት ፎልደሮቻችን በሙሉ የአንድ ኪሎባይት ሾርትከት ሆነው ጠበቁን። ኦዳሲቲውም፣ ቃለ ምልልሱም፣ ያለቀው ሥራም። ሌላ ቅጂ አልነበረንም። የላቡ ኮምፒውተሮች ሲጠፉና ሲበሩ ሁሉን ነገር ወደ ነበረበት የሚመልስ ሶፍትዌር ስላለባቸው ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥነውም የለም። ከመካከላችን አንዷ አለቀሰች። ሌላው ፎርማት ይደረግ አለ፤ እስከ ዛሬ እንስቅበታለን።

ላብ አሲስታንቱ ከወንበሩ ሳይነሣ “ፎርማት እንዳታደርጉት! ፋይሉ አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው” አለን። ከዚያ መጥቶ ጥቁሩን መስኮት ከፈተና አትሪብ የምትባለውን ትእዛዝ ጻፈባት። ቫይረሱ ያደረገው ፋይሎቹን የተደበቁ ብሎ ምልክት አድርጎባቸው በቦታቸው ሾርትከት መተካት ብቻ ነበር፤ ሾርትከቱን የነካ ራሱ ቫይረሱን ያስነሣል። ፎልደሮቻችን አንድ በአንድ ብቅ አሉ። “ፍላሻችሁን ስንት ቦታ ነው የምትሰኩት?” ሲለን መቁጠር ጀመርን፤ ላብ፣ ላይብረሪ፣ ሁለት ኮፒ ቤት፣ የጓደኛ ላፕቶፕ። የኮምፒውተር ሳይንሱ ልጅ ፍላሽም ከአንዱ ሳይለክፋት አልቀረም። ከማሽን ማሽን መዞር ያስቻለን ነገር ከማሽን ማሽን በሽታ አዟሪ አድርጎን ነበር።

በፍላሽ ተሸክመን ያልቻልነው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ፊደላችን። የፕሮግራሙን ስክሪፕት ልናሳትም ኮፒ ቤት ስንከፍተው ራስና እግሩ የማይታወቅ የላቲን ፊደል ሆኖ ወጣ። አማርኛ የጻፈ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንቶች ስንጽፍ ማሽኑ የሚያስቀምጠው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጭምብሉ ይወልቃል። ፎንት ለመጫን ደግሞ በዊንዶውስ 7 ያው የአድሚን ፓስወርድ ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ የራሱን ኮድ አግኝቷል፤ ሆኖም ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ የሚባለው ከቪስታ ጋር የመጣው በ2007 ነው። ስለዚህ በ2004 የኢንተርኔት ካፌ ደንበኛ የሃለርን ፋየርፎክስ ከፍላሹ አስነሥቶ የዩኒኮድ አማርኛ ገጽ ቢከፍት፣ ፎንት ያልተጫነበት ማሽን የሚያሳየው ተርታውን የተሰለፈ ባዶ ሳጥን ነው። ብራውዘሩ የእሱ ነው፤ ፊደሉ ግን የባለቤቱ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ለኅትመት ከዚህ የሚያወጣው ፒዲኤፍ ብቻ ነበር። አዶቤ በ1993 ሲያወጣው ፎንቱን ከሰነዱ ጋር አብሮ እንዲጓዝ አድርጎ ነውና፤ በስሙ ውስጥ ያለችው ፒ ራሷ ፖርተብል ማለት ናት። ስክሪፕታችንን ከጻፍንበት ማሽን ላይ ፒዲኤፍ አድርገን ተመለስንና አሳተምን።

የሰው ዊንዶውስ ላይ እምነት ያጡ ደግሞ ከዚህ አልፈው ሄዱ። ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር በ2000 ክኖፒክስን ሲያወጣ ሙሉ ሊኑክስ ከሲዲ ተነሥቶ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ይሠራ ነበር። በ2009 የመጣው ቴይልስ ይህንኑ ፍላሽ ላይ አድርጎ፣ ሲጠፋ ምንም እንዳይተርፍ፣ ኢንተርኔቱም በቶር በኩል ብቻ እንዲሆን አደረገው። በ2013 የኤድዋርድ ስኖውደንን ሰነዶች የተቀበሉት ጋዜጠኞች የተጠቀሙት ይህንን ነው። አራት ዓመት ስለ ምንጭ ጥበቃ ስንማር ይህች ፍላሽ አንድም ቀን በክፍል ውስጥ ስሟ አልተነሣም። ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስን ራሱን ከፍላሽ የሚያስነሣ ዊንዶውስ ቱ ጎ የሚል ነገር በ2012 አውጥቶ ነበር፤ ለትላልቅ ድርጅቶች ብቻ አድርጎት በ2020 አስወገደው።

ዛሬ ይህን ሁሉ ጣጣ ኢንተርኔቱ ተክቶታል ይባላል። ሰነዱ ጉግል ዘንድ ነው፣ ፎቶው ስልክ ላይ ነው፣ ፋይል ለራሳችን የምንልከው በቴሌግራም ነው። ኮፒ ቤት ፍላሽ ስታወጡ ልጁ ፊቱን ያጨማድዳል፤ “በቴሌግራም ላኪልኝ” ይላል። ይመቻል፤ አንክድም። ግን ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ግድም በአገር አቀፍ ደረጃ ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ከመካከላችን ለአንድ መጽሔት ትሠራ የነበረችው ልጅ ጽሑፏ በሙሉ ኢንተርኔቱ ላይ ነበር። ቤቷ ላፕቶፕ አለ፣ ላፕቶፑ ላይ ግን ምንም የለም። ቃለ ምልልሱን የቀዳችበት ስልክ አጠገቧ ስለነበር ድምፁን አወጣች። የሚቆርጥላት ሶፍትዌር ሲጠፋ መሳቢያ ውስጥ ያችን የሾርትከት ቫይረስ ፍላሽ አገኘቻት። ኦዳሲቲው እዚያው አለ፤ ሌሙም እዚያው። ጽሑፉን ግን ከመጀመሪያው እንደገና ጻፈችው።